ከበረቱ ሳንወጣ ያመለጠችኝ ቃል

የተከበሩ ካህናችን፣ የሟቹ የባርትሊ ልጅ ሳቢና፣ ይህን ዝናብ ችላችሁ የመጣችሁ የኪልብራክ ጎረቤቶቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናን።

ባርትሊን ያልጠራ ማን አለ? ላሙ አብጣበት፣ ጥጃው ተቀስፎበት፣ እሱን ያልጠራ ማን አለ? ገመዱን ይዞ ይመጣል። ከከብቱ ጀርባ በላይ ይቋጥራል፣ ይስባል። ቋጠሮው ሦስቴ ከተፈታ ከብቱ ዳነ። ከዚያስ? ከዚያማ ዝም! «አመሰግናለሁ» ከተባለ ፈውሱ ይከሽፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ተጣላ ሰው አፋችንን ዘግተን ሸኘነው።

ያንን የመስከረም ገበያ ታስታውሳላችሁ? ከጋልዌይ የመጣው ነጋዴ ቀይ ላሜን አይቶ «አቤት ላም!» አለ። «እግዚአብሔር ይባርካት» ግን አላለም። ላሚቱ በዓይኑ ተበልታ እዚያው ተንበረከከች፤ አረፋ ደፈቀች። ባርትሊ ነጋዴውን አነቀው።

«ትፋባት!»

«አብደሃል እንዴ ሰውዬ?»

አፉን በቡጢ አለው። ሁለት ጥርስ መሬት ወደቀ። «በል አሁን ትፋ፤ አፍህ ሞልቶልሃል!»

ደሙን ተፋባት። ላሚቱ ብድግ! ጥርሶቹን ለቅማ የሰጠችው ሚስቴ ናት፤ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

እሺ። አሁን ባርትሊ የሞተበትን ማክሰኞ ልናገር። ሁላችሁም ኮርማው ገደለው ትላላችሁ። ሳቢና፣ አንቺም እንደዚያ ታምኛለሽ። ስሚኝ።

ኮርማዬ ሆዱን ቆርጦት በረቱን በቀንዱ ያፈርስ ነበር። አባትሽ ገመዱን ጣለበት። አንዴ ሳበ፤ ተፈታ። ሁለተኛ ሳበ፤ ተፈታ። ኮርማው ጸጥ አለ። አንድ ብቻ ቀረ። እኔ ጅሉ፣ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ፣ «አመሰግናለሁ ባርትሊ!» አልኩ።

ዞሮ አየኝ። «አፍህን ዝጋ፣ አንተ…»

አልጨረሰም። ቀንዱ ጎኑ ውስጥ ገባ። ከግድግዳው ጋር ሰፋው። አነሳው፣ ጣለው፣ ደግሞ አነሳው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። የኮርማውን ዓይን በመንሽ ወጋሁት፤ አልለቀቀውም። የለቀቀው ባርትሊ ዝም ሲል ነው።

መጥረቢያ ይዤ ኮርማው ላይ ስሮጥ አንቺ ደረስሽ። አባትሽን ከሥሩ ጎትተሽ አወጣሽው፤ ክንድሽ እስከ ክርንሽ ደሙ ነበር። «ያምጡት ኮልማን! አባቴ ማዳን የጀመረውን ከብት ማንም አይገድለውም» አልሽኝ። መጥረቢያውን ነጠቅሽኝ። ገመዱን ከጭቃው አንሥተሽ ሦስተኛውን ሳብሽ። ተፈታ። ያ አንድ ዓይና ኮርማ ዛሬ ሣር እየጋጠ ነው።

ይኸው ነገርኩሽ። አባትሽን የገደለው ምላሴ ነው። መጥረቢያው ካንቺ ጋር ነው፤ ቤቴንም ታውቂዋለሽ። በሩን አልዘጋም።

ባርትሊ፣ ወንድሜ፣ ሂድ እንግዲህ። ልጅህ የፈታችው እንዳይከሽፍ ያቺን ቃል ዛሬስ እውጣታለሁ። አፌን ዘግቼልሃለሁ። እረፍ።