ለበሽተኛው የመጣው

አጎቴን የጠረጠርኩት በአረቄ ነበር። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ መጠጥ አልነካሁም ይላል፤ ስኳሩ ግን መድኃኒቱን እየወሰደም አልወርድ አለ። ዶርዜ ያሉት የድሮ ጓደኞቹ ሊጠይቁት በመጡ ማግስት ደግሞ ይብስበታል። ደብቀው ያመጡለታል ብዬ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ትንፋሹን ሳይቀር አሸተትኩ። ምንም የለም። አንድ ቀን ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠብቄ አልጋው ሥር ገባሁ። በግማሽ የተጠጣ የብርቱካን ለስላሳ! ከኋላው ባዶ ጠርሙስ ተደርድሯል።

ሲመለስ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?" አልኩት።

"ጠያቂ ያመጣው ነዋ! ሰው አስቦ ያመጣውን ልጣልበት? ደግሞ አልኮል የለውም።"

"ስኳር እኮ ነው የታመምከው!"

"ለዚህም ብዬ አይደል ሻዬን ያለ ስኳር የምጠጣው?" ብሎ ተቆጣኝ።

ጠርሙሶቹን እየሰበሰብኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ነው። ሰላም እንኳ ሳልላቸው ዓይኔ ከፊት የቆሙት እናት የያዙት ጥቁር ፌስታል ላይ ተተከለ።

"ምንድነው እሱ?" አልኳቸው።

"ኧረ ምንም አይደል ልጄ፤ መድኃኒቱ አፉን ቢመረው ብለን ነው።"