ቱቦዋን ያስቋጠረችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቷ ስትወጣ ደረጃው መሀል ላይ ቀኝ ጎኗን ይዛ ቁጭ አለች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ አዋላጇ ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘቻት።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት?»

«ምንም አይደል ልጄ። የምሥራች ሳይሆን አይቀርም።»

ሰው ጎኑን ይዞ የምሥራች ሲል ያስፈራል፤ አዋላጇም ፈራች። አጠገቧ ተቀምጣ ነገሩን ቀስ ብላ አውጣጣቻት። ልብስ ሰፊዋ ከሟች ባሏ ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ከእንግዲህ እንዳታረግዝ የማህፀን ቱቦዋን አስቋጥራ ነበር። ለአሁኑ ባሏ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። ልጅ ልጅ ባለ ቁጥር፣ ካወቀ ይተወኛል ብላ ወሬ ትለውጥ ነበር። በመጨረሻ አንዲት መድኃኒት አዋቂ ሥር ቀቅላ አጠጣቻት፤ የወር አበባዋም ይኸው ሁለት ሳምንት ዘገየ።

«ቋጠሮ አይደል? ላላ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዕድሜ ልኬን ቋጠሮ ስፈታ የኖርኩ ነኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ ክር አይደለም። ተቆርጦ ጠባሳ ሆኗል፤ ሥር አይፈታውም። አንዳንዴ ግን ጠባሳው ቀዳዳ ያበጅና ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። እዚያ ካደገ ቱቦው ይፈነዳል፤ ደምዎ ወደ ውስጥ ይፈሳል። አሁኑኑ እንሂድ።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አሰበች። ሆስፒታል ከገባች ባሏ ሁሉን ሊያውቅ ነው።

«ነገ ብንሄድስ?»

«ነገን ላያዩት ይችላሉ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ይበልጥ ያስፈራውም እሱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

ቱቦው ሊፈነዳ ጥቂት ቀርቶት ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡት፤ ነፍሷ ተረፈች። ባሏ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ነገረችው። ተነሥቶ ከክፍሉ ወጣ። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ መውጣቱ አስፈራት፤ የተመለሰው ግን ሐኪሙን ይዞ ነው።

ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጠው አስረዱ። በሌላው ጎኗ የቀረውን ቱቦ፣ አቆራረጡና ርዝመቱ ከፈቀደ፣ በቀዶ ሕክምና መልሶ ማገናኘት ይሞከራል። አለዚያም የእሷ እንቁላልና የእሱ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋሕደው በቀጥታ ማህፀኗ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዕድሜዋ ገፋ ስላለ ዋስትና የለም። የወር አበባዋ ከቀረ ግን በዚያው ሳምንት መታየት አለባት፤ ሥር እየጠጡ መጠበቅ ሞትን መጠበቅ ነው።

ሐኪሙ ሲወጡ ባሏ ወንበሩን ወደ አልጋዋ ሳበ።

«ልጅ ስል የነበረው ካንቺ ጋር ላሳድገው ብዬ ነው» አላት። «አንቺ ከሞትሽብኝ ምን ላደርገው ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። አዋላጇ ልትጠይቃት ስትመጣም፣ ሐኪሙ ለነገሯቸው ሕክምና ቀጠሮ ለሁለታቸውም እንድታስይዝላቸው ለመነቻት።