የአካሉ ራስጌ

በዚያ ዘመን እንጦጦ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። ጥዱ ይቆረጣል፣ ቤቱ ይማገራል፣ ሰው ሁሉ ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁል የሚወርድ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ወይ ውሃ ፍለጋ ነው፣ ወይ ችግር ገጥሞት ነው። እኔና ወዳጄ ዓምደ ሚካኤልም ከኮተቤ በበቅሎ ተነሥተን ወደ ከተማዪቱ ስንወጣ፣ የካ ሚካኤልን አለፍ እንዳልን ካለችው ምንጭ ዳር ሁለት ሴቶች ሕፃን ይዘው ተቀምጠው አገኘን። የውሃ እንስራ አልያዙም፤ ስለዚህ ችግር መሆኑን ገመትሁ።

ዓምደ ሚካኤልን ላስተዋውቅ። ቅኔ ቤት ያደገ፣ ኋላም ወደ ባሕር ወደብ ወርዶ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሲያገለግል የሕክምና ትምህርት የቀሰመ ጎልማሳ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ምላሱ ግን ዕረፍት አያውቅም። የሚያውቀውን ነገር ሳይናገር ያደረ እንደ ሆነ እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም። ከሱ ጋር መንገድ የሄደ ሰው ብዙ ይማራል፣ ጆሮውንም ያመዋል።

ከሁለቱ ሴቶች ትልቂቱን ወዲያው ዐወቅኋቸው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ናቸው፤ በእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቆመው የሚያስቀድሱ፣ ቁጣቸውም ቸርነታቸውም የታወቀ ባልቴት። ታናሺቱ ምራታቸው ዲንቄ ናት፣ የየካ ገበሬ ልጅ። ባሏ ገረሱ ዘመቻ ሄዷል። ሲሄድ ልጁ ገና አልተወለደም ነበር፤ እናቱን፣ «የሚወለደውን አደራ» ብሏቸው ነው የሄደው። የተወለደውም ወንድ ሆነና አካሉ ተባለ።

ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። ከብቱ፣ እህሉ፣ የዘማቹ ወሬ ሁሉ ተጠያየቅን። በመጨረሻ ወዴት እንደሚሄዱ ስንጠይቅ ወይዘሮ የማርያምወርቅ መልስ ሳይሰጡ ነጠላውን ከሕፃኑ ራስ ላይ ገለጥ አደረጉት። የራሱ ኋላ በስተ ግራ በኩል ዝርግ ብሏል፣ ያልደረቀ ጭቃ በመዳፍ የተጫኑት ይመስላል። የግራ ጆሮውም ከቀኙ ይልቅ ወደ ፊት ወጣ ብሏል። ካራ በሚባል መንደር ወዳለ ወጌሻ ሊወስዱት ነው። ወጌሻው በትኩስ ቅቤ አሽቶ፣ ያበጠውን ጎን ተጭኖ፣ በሁለት ስስ እንጨት መካከል ሊያስረው ቃል ገብቷል። ዲንቄ ይህ ሲነገር ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ዓምደ ሚካኤል ዝም አለ። ዝምታውን ሳይ እኔም ፈራሁ።

ከበቅሎው ወርዶ እጁን በምንጩ ታጠበና ልጁን ለመያዝ ፈቃድ ለመነ። አቀፈውና የልጓሙን የናስ ጌጥ በፊቱ ቀስ እያደረገ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው። አካሉ በዐይኑም በራሱም ተከተለው፤ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝም ትንሽ ቆይቶ ዞረ። ከዚያም ወዳጄ አንገቱን አገጩንም በጣቱ ዳሰሰ። አንገቱ ደኅና መሆኑን፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር፣ ወደ ሌላው እንቢ የሚል ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ እንደሚሆንና ዐዋቂ ሐኪም እንደሚያሻው ነገራቸው። ቀጥሎም እንዲህ ሲል ጠየቀ።

«እሜቴ፣ ልጁ ቤት ውስጥ ሲተኛ ራስጌው በየት ነው?»

«በምሥራቅ ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። የማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚያ በኩል ናት። ራሱ ከእርሷ እንዳይርቅ ብዬ ሌሊትም ቀንም በእጄ ነው የማስተኛው። ይህችን እንኳ አላስነካትም» አሉና ወደ ምራታቸው አመለከቱ።

«በሩስ ወዴት ያያል?»

«ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው ነዋ። በስተ ግራው ነው የሚሆን። በስተ ቀኙ ግድግዳ ነው።»

ዓምደ ሚካኤል የልጁን ራስ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ሕፃን ብርሃን ይወዳል፣ እሜቴ። ግድግዳ ምን ያሳየዋል? ፀሐይ የሚገባው፣ ዶሮው የሚያልፈው፣ እናቱ የምትወጣ የምትገባው በበሩ ነው። ስለዚህ ከተወለደ ጀምሮ በግራ በኩል ነው ያየው፤ በዚያው በግራው ነው የተንተራሰው። አጥንቱ ለጋ ነውና መደቡ በተጫነው በኩል ዝርግ አለ።»

«ጸሎቴ ነው ልጁን ያበላሸው ልትለኝ ነው?»

«ጸሎትዎ ምንም አላደረገው። ያደረገው መደቡ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትል?»

«ራስጌውን ግርጌ ያድርጉት። አንድ ቀን በምሥራቅ ከተንተራሰ በማግሥቱ በምዕራብ ይንተራስ። ያን ጊዜ በሩ በቀኙ ይሆናል።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ቁጣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ውሻ ሲያባርሩ እንኳ አላየሁባቸውም። «ሬሳ ነው እንዴ?» አሉ። «ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ! ይህ የመቃብር አተኛኘት አይደለም ወይ? እናንተ ባሕር አይታችሁ የመጣችሁ ሰዎች ይህንንም ረሳችሁት?»

ዓምደ ሚካኤል ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዲንቄ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ ከአካሉ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን። እሜቴ ናቸው በእጃቸው መቃብር ውስጥ ያስተኟት» አለች። ሌላ አልጨመረችም። አንባቢ ሆይ፣ እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች የአሮጊት ግትርነት እያልን የምንስቅበት ነገር ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ሐዘን ይሆን? እኒህ ሴት የልጅ ልጃቸውን ራስ በምዕራብ አድርገው ያስተኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያም አልተነሣችም። ሁለተኛ እንዲህ አድርጉ ሲባሉ ቢቆጡ ማን ይፈርድባቸዋል?

ወዳጄም ይህ ገባው መሰለኝ፣ ክርክሩን ተወው። ልጁን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እንዲቀመጡ ለምኖ፣ እጃቸውን እንዲሰጡት ጠየቃቸው። የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ወስዶ በአካሉ አናት ላይ፣ በእርግብግቢቱ ላይ አኖራቸው።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ይመታል። ይህንንማ በየማለዳው ቅቤ ስቀባው አውቀዋለሁ።»

«ለምን ክፍት እንደ ሆነ ግን አስበው ያውቃሉ?»

«ይህንንስ አላሰብሁትም።»

«ከበታቹ ያለው አእምሮው ነው» አለ ዓምደ ሚካኤል፣ አሁን ድምፁ የቅኔ ቤት ድምፅ ሆኖ። «በዚህ ዓመት ውስጥ የሚያድገውን ያህል በዕድሜው ሁሉ አያድግም። እግዚአብሔር የራሱን አጥንት አንድ አድርጎ ቢዘጋው ኖሮ አእምሮው ወዴት ይሰፋል? ስለዚህ ቆራርጦ ሠራው፤ መካከሉን ሳይዘጋ ተወው። አእምሮው ከውስጥ ሲያድግ አጥንቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ራሱን ክብ የሚያደርገው እሱ ነው። እኛ ያለብን ሥራ ከመንገዱ ዘወር ማለት ብቻ ነው። ያ የተዘረጋው ጎን ከመደቡ ቢነሣለት ራሱ ይሞላዋል። የካራው ወጌሻ የተሰበረ እጅ በማቃናት የተመሰገነ ነው፤ ይህ ግን አልተሰበረም። በእንጨት መካከል ቢያስሩት የሚጫኑት የሚያድገውን አእምሮ ነው።»

እኔ መጽሐፍ ብዙ አንብቤአለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን የዚያን ሕፃን አናት ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። በመዳፍ የሚሸፈን ራስ ነው፤ በውስጡ ገና ያልተነገረ ቋንቋ፣ ገና ያልታየ አገር ሁሉ ቦታ ይፈልጋል፣ አጥንቱም ቦታ ይለቅለታል። ወይዘሮ የማርያምወርቅም ጣታቸውን አላነሡም። ቅቤ ሲቀቡት የኖሩትን ራስ እንደ አዲስ ይዳስሱት ነበር።

ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «ይህስ ይሁን» አሉ። «እንጨቱ ቀረ። የሬሳውን አተኛኘት ግን አላደርገውም።»

ዓምደ ሚካኤልም ነገሩን በሌላ በኩል አመጣው። «እሜቴ፣ ሬሳ በምዕራብ የሚንተራሰው ለምንድን ነው?»

«ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነዋ። ጌታ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያስ አተኛኘቱ የሞት አይደለም፤ የሚነሣ ሰው አተኛኘት ነው። ከእኛ ሁሉ ይልቅ ደግሞ ለመነሣት የቀረበው አካሉ ነው፤ ዛሬ ነገ ቀና ማለት፣ ከዚያም መቀመጥ ይጀምራል። እግሩ በምሥራቅ ቢሆን ቀና ሲል ፊቱ ወዴት ይሆናል?»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ወደ እንጦጦ ቀና ብለው አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አልተሰማኝም። ቆይተው፣ «ወደ ማርያም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ጀርባውን ነው ያሰጠኋት» አሉ።

ወዳጄ በዚያ ቀን ብዙ ተናግሯል። እኒህን ሴት የመለሳቸው ግን ይህ ነው፤ ከገዛ እምነታቸው የወጣ ነገር ስለ ሆነ። ሰውን ከሚያውቀው ነገር አስነሥቶ ወደማያውቀው መውሰድ ይቻላል፤ የሚያውቀውን ከእጁ ነጥቆ ግን የትም አይወስዱትም።

መንገዱ ወደ ካራ መሆኑ ቀረና አብረን ወደ እንጦጦ ወጣን። ዐይናቸው ካላየ እንደማያምኑ ተናግረው ነበርና ቤት እንደ ገባን አካሉን ራሳቸው ወስደው በጀርባው አስተኙት፣ ራሱን በምዕራብ አድርገው። ዲንቄ ከአጠገባቸው ቆመች።

ሕፃኑ እንደ ልማዱ ወደ ግራው ዞረ። ግድግዳ ነው። ግራ ተጋባና ጣራውን አየ፤ እንደገና ግድግዳውን አየ። ከዚያም ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይጠራው፣ ብርሃኑን እየፈለገ ራሱን ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ መለሰና በበሩ የሚታየውን ሜዳ ሲያይ ፈገግ አለ። ያ ዝርግ የሆነው ጎን ከተወለደ ጀምሮ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ ነካው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ራሱ ዞረ» አሉ። «ማንም ሳያዞረው ራሱ ዞረ።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የእርሳቸው ሆነ። በምን በኩል ይጥባ? በሁለቱም፣ ክንድ እየተቀያየረ። ነቅቶ ሳለስ? መደቡ ላይ ተጋድሞ አይዋል፤ ይታቀፍ፣ ይታዘል፣ ደግሞም በሆዱ አድርጋችሁ አንገቱን ቀና ማድረግ አስለምዱት። እዚህ ላይ ተቆጡ፤ ይታፈናል አሉ። ዓምደ ሚካኤልም ፍርሃታቸው ትክክል መሆኑን አምኖ፣ በሆዱ የሚሆነው ነቅቶ ሳለ፣ ያውም ዐይናቸው ከሱ ሳይነሣ ብቻ እንደ ሆነ፣ እንቅልፍ ከመጣ ግን ሁልጊዜ በጀርባው እንዲተኛ፣ ራሱን ለመደገፍ ብለውም ትራስና ጨርቅ በዙሪያው እንዳይጎዘጉዙ አጥብቆ ነገራቸው። ደግሞም ነገሩ የወራት እንጂ የቀናት አለመሆኑን አልደበቀም። ዲንቄ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ፣ «እሜቴ፣ እንግዲህ እኔም ላስተኛው?» አለች። አማቷ ቀና ብለው አዩዋትና ቦታ ለቀቁላት።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሜ ጎብኝቻቸዋለሁ። በመጀመሪያ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅም አንዳንድ ቀን ተስፋ ቆርጠው ካራን ያነሡ ነበር። ኋላ ግን ጎኑ ሳናውቀው መሙላት ጀመረ። በሆዱ ሆኖ መንፈራገጥ የለመደው ልጅ አንገቱ ጠና፤ ሁለቱንም ወገን እኩል የሚያይ ሆነ። ምራትና አማት በአንድ ልጅ ላይ ተራ ሲገቡ ቤቱም ሰላም አገኘ። ማስገደድም መቁሰልም አልነበረበትም፤ ያስፈለገው ትዕግሥትና የመደቡን አቅጣጫ መለወጥ ነው። ወላጆች ሆይ፣ የተወለደላችሁን ልጅ ራስ እያያችሁ ቶሎ ያስተዋላችሁ እንደ ሆነ ድካማችሁ ከዚህም ያነሰ ነው።

ገረሱ ከዘመቻ የተመለሰ ዕለት እኔም በዚያ ቤት ነበርሁ። ጋሻውን ሳያወርድ ልጁን አነሣ፣ ሳመው፣ ደኅና ከርሞ እንደ ሆነ ጠየቀ። ዲንቄ ወደ አማቷ አየች፤ ነገሩን ሊተዉት ይችሉ ነበር። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን አደራ ተቀብለዋልና ሁሉንም ነገሩት፤ ራሱ መዘርጋቱን፣ እንዲያ ያደረጉትም እርሳቸው መሆናቸውን፣ በእንጨት ሊያሳስሩት መንገድ መጀመራቸውንም።

«የቱ ላይ ነው?» አለ ገረሱ።

«ይኸው እዚህ» ብለው ጣታቸውን በልጁ ራስ ኋላ በስተ ግራ አሳረፉ። ጣታቸው ቆመ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጆሮው ፈለጉ። በየማለዳው ቅቤ ሲቀቡ በጨለማ እንኳ የማይስቱትን ቦታ ደጋግመው ፈለጉት፤ አጡት። ከዚያም በልጃቸው ፊት፣ የልጁን ራስ እንደ ያዙ፣ አለቀሱ።