ሦስት ነው ወይስ አሥራ ሦስት?

ሰቆጣ ስልክ እጠግናለሁ። ሞዛምቢክ ጥቂት ወራት መሥራቴን የሰሙ አንድ መሪጌታ ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ መጥተው ስልካቸውን ሰጡኝ። እዚያ አገር ያገባው ልጃቸው ወንድ ልጅ ወልዷል። ሕፃኑ የተወለደበትን ቀን ምራታቸው በፖርቱጋልኛ፣ በድምፅ ልካላቸዋለች። ልጃቸው ከባድ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ስለሆነ ስልኩ ዝግ ነው። «የክርስትና ስም የማወጣው እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሳላውቅ እንዴት ላውጣ?» አሉኝ።

ቋንቋውን ጥቂት እሰማለሁ እንጂ «ድገሚልን» ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ ደጋግሜ ሰማሁት። ፖርቱጋልኛ ቀኑን አስቀድሞ ወሩን ያስከትላል። ወሩ «ማርሱ»፣ የፈረንጆቹ ማርች ነው። ቁጥሩን ግን የሕፃኑ ለቅሶ ዋጠው፤ «ትሬሽ» ትበል «ትሬዝ»፣ ሦስት ይሁን አሥራ ሦስት አልለይ አለኝ። ጥርት ብሎ የተሰማኝ የዕለቱ ስም፣ «ቴርሳ ፌይራ» ብቻ ነው።

«ዕለታቱን ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ከሰኞ ብንቆጥር ረቡዕ ይሆናል» አልኳቸውና የስልኩን ካላንደር ከፈትኩ። ሦስትም አሥራ ሦስትም ረቡዕ አይውሉም። ግራ ገባኝ።

መሪጌታ ግን ዓይናቸው በራ። «ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ! የኛው ግዕዝ እኮ ነው! የሚቆጠረው ከእሑድ ነው፤ ሠሉስ ማክሰኞ ነው።»

አየሁት። ሦስት ማክሰኞ ነበር።

«የካቲት ሃያ አራት፤ ተክለ ሃይማኖት!» አሉና ስልኩን ተቀብለው ስሙን ቀስ ብለው ለምራታቸው በድምፅ ላኩላት። ወዲያው መለሰች። እየሳቀች፣ «ፓፓ!» አለቻቸው።

እሱን እንድተረጉምላቸው አልጠየቁኝም።