በሁዳዴ የተሸለመው ቅቤ

ይህን ማውራት እንደ እኔ ላለ የተከበረ ዳኛ አይገባም፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዳንግላ ገበያ ምርጡ ቅቤ ነጋዴ ይሸለም ተባለና እኔ፣ መሪጌታና አንድ ሽማግሌ ዳኞች ሆንን። ጊዜው ግን ሁዳዴ ነው፤ ከሦስታችን ቅቤ የሚቀምስ የለም። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ይመር «እኔ ልቅመስላችሁ» ቢሉ መሪጌታ ከለከሉ። «የቀመሰ ሰው ለጣፈጠው ያደላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በዓይናችን ዳኘንና ቅቤው የተጠቀለለበት ኮባ እርጥብ፣ አጠቀላለሉ ያማረ ለነበረ አንድ ጎልማሳ ሰጠን። ልጆቿን በቅቤ ንግድ ብቻ የምታሳድገው ወይዘሮ የሺ እንባዋ መጣ። «አባቶቼ፣ እስከ ፋሲካ ብትታገሡስ ምን ነበረበት? የተሸለመ እያለ ከእኔ ማን ይገዛል?» አለች። «ሸላሚው ሹም ነገ ይሄዳሉ፤ ሽልማት ፋሲካን አይጠብቅም» አልናት፣ እያዘንን።

የፋሲካ ዋዜማ ማለዳ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ የሺ ዘንድ ሄድኩ። መሪጌታ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ሽማግሌውም ከኋላዬ ደረሱ። የሺ አየችንና፣ «የተሸለመው እኮ ማዶ ነው፤ መንገድ ስታችሁ ነው?» አለች።

«አልሳትንም ልጄ» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ለሽልማት ነው፤ እኛ የመጣነው ለወጣችን ነው።»

«እንግዲያስ ጮክ ብለው ይበሉት፣ ገበያው ይስማ!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ቅቤውን አስመዘኑ። ገበያተኛው ግን ሦስቱ ዳኞች የቆሙበትን አይቶ ከኋላችን ይሰለፍ ጀመር፤ ረፋድ ላይ የየሺ ቅቤ አለቀ። አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙብን፤ ለመጪው ሁዳዴም ዳኞቹ እኛው ነን።