የመምህር ካንግ ሰማያዊ ቀለምና የጓደኛቸው የቶንግ ስም

በጀልባም በሞተርም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የመምህሩ ተማሪዎች፣ ወንበር ያላገኛችሁም ከጥላው ሳትወጡ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ አድምጡኝ፤ የታላቅ ወንድሜን የመምህር ላም ቪ ካንግን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ እኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ሁላችሁም አክስት ኡት የምትሉኝ ነኝ።

መምህር ካንግ በዚሁ በሳ ዴክ ከተማ በወንዙ ዳር፣ ከጀልባ ሠሪው አባታችን ከላም ቪ ታንና ከእናታችን ከዶ ቲ ሃይን፣ ጎርፍ እስከ አልጋ እግር በገባበት የዝናብ ወራት ተወለዱ፤ አባታችንም ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ወደ ደጅ ሲደፉ የበኩር ልጃቸውን ለቅሶ ቢሰሙ፣ ከደስታቸው ብዛት ባልዲውን ከነውሃው አልጋው ላይ አስቀምጠው እናታችንን አረጠቧት እየተባለ በቤታችን እስከ ዛሬ ይሳቃል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ከጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው ልጅ ከኳች ቶንግ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀመጡ። መቼም ብዕርና የቀለም ብልቃጥ ይዞ ሄዶ፣ ጣቱን ሐምራዊ አድርጎ መመለስ የአንደኛ ክፍል ልጅ ወጉ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ግን የትልልቆች ነበርና ጋሽ ቶንግ ከአባታቸው ሱቅ በመድኃኒት ጠርሙስ ደብቀው አመጡ፣ ሁለቱም ዴስክ ሥር ገብተው ጻፉበት። የክፍላቸው መምህር ደርሰውባቸው «ማነው ያመጣው?» ቢሉ ካንግ «እኔ ነኝ» አሉ፣ ቶንግም «እኔ ነኝ» አሉ፣ ሁለቱም ተንበርክከው ዋሉ። ወዳጅነታቸው ከዚያ ዴስክ ሥር የጀመረ ነው።

ከዚያም ወንድሜ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው ተመርቀው ወደ ከተማቸው ተመለሱና እስከ ጡረታ ድረስ የአንደኛ ክፍል የእጅ ጽሕፈት አስተማሩ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ካላችሁት መካከል ፊደል ስታዛንፉ እጃችሁን በእጃቸው ይዘው ያላቃኑላችሁ ጥቂት ናችሁ።

ደስታቸው ግን ሰማያዊ ቀለም ነበር። ሌላው ሰው ከሥራ ሲወጣ ቢራ ይጠጣል፣ ዶሮ ያዋጋል፤ እሳቸው ግን ጋሽ ቶንግ ከአባታቸው ወደ ወረሱት ሱቅ ጎራ ብለው፣ አዲስ የመጣ ሰማያዊ ካለ ብዕራቸውን ሞልተው ያገኙት ወረቀት ሁሉ ላይ ይሞክሩታል። ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ የተገነጠለው ቅጠል ጀርባ፣ የተማሪ ደብተር፣ የኬክ መጠቅለያ፣ የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ ከሰሜን የሚመጣው በእጅ የተሠራ ወረቀት፣ ምኑ ቅጡ! በሁሉም ላይ የሚጽፉት «ዛሬ ዝናብ የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበውም ቢሆን። ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ይበታተናል፤ «ይሄ ወረቀት ሰካራም ነው» ይላሉ። የሰርግ ካርዱ ላይ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ አልሰምጥም ብሎ ከላይ ይተኛና ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ቀይ ያብለጨልጫል፤ ያን ጊዜ ካርዱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ቀና እያደረጉ «ቶንግ፣ ና እይ! ና እይ እንጂ!» ብለው ገዢውን ሁሉ ገበያ ያስፈቱታል። በእጅ በተሠራው ወረቀት ላይ ያው ቀለም ለስለስ ረገብ ብሎ፣ ማለዳ ጉሙ ሲገፈፍ ወንዛችን የሚመስለውን ይመስላል። ዱባ ጭኜ በዚያ ሳልፍ እኔም ጀልባዬን አስሬ ገብቼ አብሬ አይ ነበር፤ ደስ ይላል፣ ምን ልበላችሁ!

ጋሽ ቶንግም ከሁለት ዓይነት ሰማያዊና ከአንዲት ጠብታ ጥቁር ለጓደኛቸው የሚሆን ቀለም ቀመሙ። መምህር ካንግ ወደዱት፤ እሳቸው ስለወደዱት የከተማው መምህር ሁሉ ወደደው፤ ሱቁም በዚያ ቀለም ታወቀ።

መምህር ካንግ ዓሣ ነጋዴዋን እትዬ ኛንን ባገቡ ጊዜ የጥሪ ወረቀቱን በሙሉ በእጃቸው ጻፉ፤ አንዱን በዚህ ወረቀት፣ አንዱን በዚያ ወረቀት ስላደረጉት «ሰርጉ ሁለት ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ዘመድ ነበር። እትዬ ኛንም «እኔን አንድ ጊዜ አይቶኝ አገባኝ፤ ወረቀቱን ግን በየቀኑ ያገላብጠዋል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ወንዱን ትሪየትንና ሴቷን ኡየንን ወልደው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጆቻቸው «ዝለዪው» ብለውኛል። አልዘለውም።

ወንድሜ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነገር ሁሉ አላምር ይላቸው ጀመር። ወረቀት ሲያዩ «ቢጫ ነው፤ ወረቀት ሠሪዎቹም ሌባ ሆነዋል» ይላሉ። ነጭ ሸሚዛቸውን አንሥተው «ኛን፣ በዓሣ እጣቢ ነው እንዴ የምታጥቢው?» ይላሉ። ሰማዩም ደብዝዞባቸው ነበር፤ በእሱ ላይ ግን የሚከስሱት ሰው አላገኙም። ከሁሉ የከፋው ያ የቶንግ ሰማያዊ ነበር፤ እያደር አረንጓዴ አረንጓዴ፣ አመድ አመድ እያለ ሄደባቸው። ጓደኛዬ በርካሽ ቀለም ያታልለኛል ብለው ልባቸው ቆሰለ፣ እህል አልወርድ አላቸው። «ሌላው ቢያታልለኝ ነጋዴ ነው ብዬ አልፈዋለሁ፤ ቶንግ ግን እንዴት?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን፣ ወላጅና መምህር ደብተርና ቀለም ሊገዛ ሱቁን ሞልቶት ሳለ፣ ወንድሜ ብልቃጡን ይዘው ገቡ።

«ቶንግ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ ነዋ! ምን መሰለህ፣ የዓሣ መረቅ?»

«የዳክዬ ኩሬ ውሃ ነው!»

«ሂድና ፊትህን ታጥበህ ና፣ ሰውዬ። ገበያዬን አትዝጋ።»

ሰው ሁሉ የለመደውን ቀልዳቸውን መስሎት ሳቀ። ሳቁ ባሰባቸው። «አትሳቁ! ለልጆቻችሁ የምትገዙት የተበረዘ ቀለም ነው፤ ይሄ ሰው ያጭበረብራችኋል፣ እኔንም ሲያጭበረብረኝ ኖሯል!» አሉ። ጋሽ ቶንግ ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ ያልተከፈተ ብልቃጥ አንሥተው ከፍተው፣ በነጭ ካርድ ላይ ጽፈው አሳዩዋቸው። «አሁንስ?» አሉ። ወንድሜም «ይሄማ የባሰ ነው» ብለው አዲሱን ብልቃጥ ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ቀለሙን ሰማያዊ ሆኖ አይቶታል፤ ሆኖም «መምህር ካንግ ሰማያዊ አይደለም ካሉ እኛ ስለ ሰማያዊ ምን እናውቃለን?» እያለ የያዘውን ብልቃጥ እየመለሰ ወጣ። የገዛ ዓይናችሁን ክዳችሁ የሰውን አፍ አመናችሁ። ትምህርት ቤቶቹም ሌላ ነጋዴ ያዙ፤ ሱቁ እየቀዘቀዘ ሄደና ጋሽ ቶንግ በመጨረሻ መዝጊያውን አውርደው፣ ከቦዩ ማዶ በማሰሮ የአዲስ ዓመት አበባ ማሳደግ ጀመሩ። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ያልፋል።

ዓመታት አልፈው ወንድሜ ደረጃ ስተው ሲወድቁ፣ ልጃቸው ኡየን ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሙም በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ መኖሩን፣ ሞራውም እንደ ቢጫ መጋረጃ ሆኖ ሰማያዊን እንደሚከለክል አስረድቶ በቅድሚያ የቀኙን ገፈፈላቸው። ፋሻው ሲነሣ ፊት ለፊታቸው ያለውን የላስቲክ ወንበር አይተው «ይሄን ወንበር ማነው እንዲህ የቀባው?» ብለው ጮኹ። ወንበሩ ድሮም ሰማያዊ ነው።

ቤታቸው እንደገቡ ለማስረጃ ብለው ያስቀመጡትን የዚያን ቀን ብልቃጥ አውጥተው፣ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ጀርባ ላይ ጻፉ። ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው በግራው ሲያዩ የዳክዬ ኩሬ፤ ግራውን ሸፍነው በቀኙ ሲያዩ ያ ወንዛችንን የሚመስለው ሰማያዊ! እንደ ሕፃን እያፈራረቁ እየሸፈኑ ይስቁ ጀመር፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ድንገት እጃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ሳቁ ቆመ። «ቶንግ» አሉ።

የግራውን ዓይን እንዲገፈፉ ልጆቻቸውም ሐኪሙም ቢለምኗቸው እንቢ አሉ። «በእሷ ነው ጓደኛዬን የከዳሁት፤ እሱ ሳይምረኝ አላስነካትም» አሉ። በጀልባዬ አሻግሪኝ ብለውኝ ማዶ ወሰድኋቸው። ጋሽ ቶንግ አበባቸውን ውሃ እያጠጡ ነበር፤ ቀናም አላሉ።

«ቶንግ፣ ዓይኔ ነው» አሉ ወንድሜ።

«ምን ሆነ ዓይንህ?»

«ሞራ ነበረበት። ቀለምህ ሰማያዊ ነበር።»

«ሰማያዊ እንደነበረማ አውቃለሁ፤ የቀመምሁት እኔ ነኝ።»

«ዓይኔ ከዳኝ፣ ቶንግ።»

«ዓይንህ ከዳህ፤ እሺ፣ ዓይን ያረጃል። እኔን ግን የምታውቀኝ በዓይንህ ነበር እንዴ?» አሏቸው። ጋሽ ቶንግም ውሃ ማጠጫውን አስቀምጠው «የሰደብከኝ በከተማው ፊት ነው፤ ይቅርታውን የምትነግረኝ ግን በአበባ ፊት። ሂድ በል» አሉ።

ወንድሜ በቀጣዩ የትምህርት መክፈቻ ሰው በተሰበሰበበት ሊናገሩ ለብሰው ተዘጋጅተው ሄዱ፤ ቆመው ቆመው ሳይናገሩ ተመለሱ። ምነው ብላቸው «ሁሉም ተማሪዎቼ ናቸው፤ አፈርሁ» አሉኝ። ወንድሜን እወዳቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ተናድጄባቸዋለሁ፤ ጓደኛቸውን ሁለተኛ የከዱት ያን ቀን ነውና፣ ዓይናቸውም በደንብ ያይ ነበር። ከዚያ የጉሮሮ ሕመም ጸናባቸውና ድምፃቸውን ወሰደው። በመጨረሻ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ኡት፣ አንቺ ገዢን ከወንዝ ማዶ የምትጠሪ ነሽ፤ ልጆቼ ያለሳልሱታል። አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ። መምህር ካንግ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ግራ ዓይናቸው ሞራዋን እንደያዘች ተከድናለች።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኛንን፣ ልጆቻቸውን ትሪየትንና ኡየንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም ጓደኛቸውን ኳች ቶንግን በሐዘን ትተው ሄደዋል። የመጨረሻውን ስም ትሪየት «አክስቴ፣ እሳቸው ዘመድ አይደሉም፤ ደግሞም ይቀየማሉ» ብሎ ሊሰርዘው ነበር፤ «ይቀየሙ፤ እኔ የጻፍሁት አይሰረዝም» አልሁት። ዛሬ ጠዋት ልጠራቸው ብሻገር ልጃቸው ሙዎይ በር ላይ አግኝታኝ «አባዬ ወደዚያ ቤት እግሬን አላነሣም ብሏል» አለችኝ፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንበሩን ግን ደጅ አውጥቶ ወደ እናንተ ዞሮ ተቀምጧል» አለችኝ።

ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው ብርታቱን ይስጠን። እሳቸው ያሉትን ሳይመልሱ ሄደዋል፤ ብልቃጡን የመለሳችሁት ግን ሁላችሁም እዚህ አላችሁ። ስለዚህ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት ተነሡና ወደ ቦዩ ዞራችሁ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ድምፅ፣ ማዶ እስኪሰማ በሉ፤ የቶንግ ቀለም ሰማያዊ ነበር።