በእኩል የታከመ ጉልበት

ማተቤ ድኗል። በመንገድ የሰማኸው ወሬ እውነት ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ትናንት ከሽንፋ ገበያ ማሽላ ተሸክሞ ሲመለስ በድልድዩ እንኳ አልዞረም፤ ቦዩን ዘሎ ነው የመጣው።

ቁጭ በል እንጅ ባየልኝ። ምነው ትራክተሩን ሳታጠፋው? አጥፋው፣ አጥፋው፤ ነዳጅ እንዲህ በጠፋበት ጊዜ... ጥላው ወዲህ ነው። ካርካዴው ቀዝቅዟል፣ ጠጣ። መንገዱ እንዴት ነው፣ ዋልካው ጭቃ ደረቀ? ጥሩ። ዘንድሮ ዝናቡም በጊዜው ወጣልን። ሙቀቱማ ያው ቆላ ነው፣ ምን ይባላል። ልጆችህ ደህና ናቸው? የኋላው ጎማ ተቀየረልህ?... አልተቀየረም። አይ፣ ይቀየራል። አሠሪህ ጌታው ቃላቸውን የሚረሱ ሰው አይደሉም። የሚረሱት ቃሉን ለማን እንደሰጡት ነው።

ሰው ልትጭን እንደመጣህ ገብቶኛል። ባዶ ተሳቢ ጎትተህ እኔ ደጅ ለወሬ አትቆምም። ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው፣ አይደል? ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ ቀድሞ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ቁጥቋጦውን የመነጠርኩት እኔ ነኝ። ሰሊጥ አፉን ከከፈተ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ንፋስ ነካ ካደረገው ፍሬው ለጉንዳን ነው። «ካቦው ጀምበሩ ነው፤ ሰው የሚሰበስበው እሱ ነው፤ ሂድና አጫጆቹን ጭነህ ና» ብለው ላኩህ። እውነት አላቸው። ስንት መኸር ሰብስቤላቸዋለሁ።

መልሱን እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ጤናቸውን ልጠይቅ እንጅ፤ ሰው አይደለሁም እንዴ? ጉልበታቸው እንዴት ሆነ?

...አሁንም? አይ አይ አይ! ማሽኑ እቤት እያለ?

ለነገሩ አንተ ያን ጊዜ አብደራፊ ነበርክ፤ ወሬውን በቁርጥራጭ ነው የሰማኸው። ማሽኑን ያመጣችው ዘሀቢያ ናት፣ ከገላባት ዕቃ የምታሻግረው ነጋዴ። ኻርቱም ውስጥ በጦርነቱ የተዘጋ የስፖርት ቤት ዕቃ ነው አለች። ሲያዩት እንደ ሚዛን ነው። ትቆምበታለህ፣ ቁልፉን ስትነካው ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ልክ ኮረት መንገድ ላይ እንደሚሄድ ትራክተር። እኔማ ሳየው «ይህንንስ ዕድሜ ልካችንን በነፃ ስንንቀጠቀጠው ኖረን የለ?» አልኩ። አፌ ነው። ለካስ ሕክምና ኖሯል።

ፍቅርአዲስን ታውቃታለህ፣ መተማ ዮሐንስ ያለችውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። እቤታቸው ድረስ አስመጧት። ከጉልበታቸው ሎሚ ሥር በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርግ ጩኸታቸው ኬላው ድረስ ተሰማ። «ጅማቱ ነው» አለች። «ብዙ ዘመን የቆየ ሕመም ነው። ማሽኑ ሊያግዝዎ ይችላል። ግን መንቀጥቀጡ ብቻውን አያድንም፤ ጅማት የሚጠነክረው ሲሠራ ነው። ላዩ ላይ ቆመው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ቀስ ብለው ዝቅ፣ ቀስ ብለው ቀና። ትንሽ ያምዎታል፤ ሳምንታትም ይፈጃል።»

«እኔ? ዝቅ?» አሉ።

«አዎ፣ እርስዎ።»

እስኪ አንተ ፍረድ... ለእሳቸው እንዲህ ይባላል? ለአረም ዝቅ ሲሉ ያየ አለ? ለአጨዳ? ልጅቱ ደገኛ ናት፤ አገሩን አታውቅ። እዚህ ዝቅ የሚለው ሌላ፣ ወገቡ ያልታጠፈው ሌላ መሆኑን ማን ይንገራት?

መጀመሪያ ብቻቸውን ሞከሩት። ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የሻይ ብርጭቆ በእጃቸው ይዘው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙበት። ሻዩ ጀለቢያቸው ላይ አለቀ፤ ጉልበታቸው ግን እንደነበረ ነው። ቅር አላቸው። ከዚያ አሰቡ። ማሰብማ ይችሉበታል! እርሻ እንዴት ነው የሚሠራው? አንዱ መሬትና ትራክተር፣ ሌላው ጉልበቱን ያመጣል፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። በዚህ የበለፀገ ሰው ሕክምናስ ከዚህ በምን ይለያል ቢል... ጥፋቱ የማን ነው?

ማተቤን አስጠሩት። ማተቤ መቼም ሳሉግ ነው፤ ለአንድ መኸር ብሎ ወርዶ ቆላው ውጦ ያስቀረው፣ ቤት የሌለው፣ ዘመድ የማይጠይቀው። ከእሳቸው ተሳቢ ጆንያ እንደተሸከመ ሲዘል ሲዘል ያው ጅማት ነው የከዳው። ለመቀመጥ ግንድ ይዞ፣ ለመነሳት ሰው ጠርቶ ነበር። አንድ ዓይነት ሕመም በጌታና በሎሌ ላይ... እግዜር በዚህ እንኳ አያዳላም።

«ማሽን ከእኔ፣ ዝቅ ማለት ካንተ፣ ጤናው እኩል» አሉት።

ሳቅህን ዋጥ አድርገው ባየልኝ፤ በሰው ሕመም አይሳቅም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ማተቤ ማሽኑ ላይ ይወጣል፤ እሳቸው ከጎኑ ወንበር ላይ ይቀመጡና ባዶ እግራቸውን ከማሽኑ ጠርዝ ያስነኩታል፤ እጃቸውን ከትከሻው ላይ ያሳርፋሉ... ጤናው እንዲሻገርላቸው። እሱ ጥርሱን ነክሶ ዝቅ ይላል፣ ቀና ይላል፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ተሰማኝ... ተሰማኝ» ይላሉ። ፍቅርአዲስ አንድ ጠዋት ድንገት ገብታ አየቻቸው። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ አይሆንም! የሚድነው የሚሠራው ሰው ነው» ብትላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፤ የእኩል ነገር አይገባሽም።»

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። እሳቸው ተረቱን ይወዱታል። ሰው መድኃኒቱን ይዋጥልኝ ማለት ነው ብለው የተረዱት እንደሁ... የተረት ጥፋት ነው። ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ እሳቸው ጉልበት አለኝ በማተቤ እግር አሉ። ከሰማዩስ የማተቤ እግር አይቀርብም?

ቆይ... ስልክህ ላይ መብራት አያለሁ። አልተዘጋም መሰለኝ። ከጌታው ጋር ነው?

አትደንግጥ፤ አትዝጋው! ቀድሞውንስ መልሱን እኔው ልስማ፣ አትዝጋው ካሉህ ምን ታደርግ? እዚያች ዱካ መቀመጫ ላይ ቀና አድርገህ አስቀምጠው። ኔትወርኩም ዛሬ ደግ ሆኗል። እኔ ምን ክፉ ቃል አወጣሁ? ስም ጠራሁ? ስለ አንድ ደግ ሰው ነው የማወራው፤ የደግ ሰው ወሬ ባለቤቱ ቢሰማው ምን ይጎዳል?

እኔ ብዙ ማውራት አልወድም፣ ታውቀኛለህ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው የኖርኩት። ግን ጉልበት ከተነሳ... እኔና እሱ፣ እሳቸውን ማለቴ ነው፣ ከበለሳ አብረን ነው የወረድነው። ድርቅ ነበር። አንድ ጋቢ ለሁለት። የምንተኛው ከተሳቢ ሥር ነው፤ ወባው በየተራ ያንቀጠቅጠን ነበር፣ ያኔም ያለ ማሽን። ቀን ጆንያ እናወርዳለን። መሰላል የለም። መሰላል የጠየቀ በማግስቱ አይጠራም፤ ስለዚህ ኩንታሉን በጀርባህ ይዘህ ትዘላለህ። ስታርፍ ጉልበትህ ውስጥ አንድ ነገር ክር እንደሚበጠስ ጠብ ይላል። ትነሳለህ፤ ደግመህ ትወጣለህ። ያኔ አንድ ብልህ ልጅ ነበር። ከላይ ሆኖ ጆንያውን በጀርባችን የሚጭንልን። «አይዞህ፣ ዝለል! ቅርብ ነው!» ይለን ነበር። ድምፁ እንዴት ያበረታ ነበር መሰለህ።

አሁን ሲናገሩ ጉልበቴ የተጎዳው በወጣትነቴ በመዝለል ነው ይላሉ። እኔ አልከራከርም። ሰው ሲዘል ቆሞ ማየትም... ያደክማል።

እንግዲህ ሳምንታት አለፉ፣ ማተቤ ዳነ። መጀመሪያ ግንድ መያዙን ተወ፤ ቀጥሎ ነዶ መሸከም ጀመረ። እሳቸው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል። እሳቸው ግን ሕግ አዋቂ ናቸው፤ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ዋርካው ሥር፣ አገሩ ሁሉ በተቀመጠበት፣ ቆመው ተናገሩ፤ ቆመው እንኳ አይደለም፣ ወንበር ወጥቶላቸው ነው። «ማሽኑ የእኔ ነው። ጉልበቱ የዳነው በእኔ ማሽን ነው። ውላችን እኩል ነበር፤ እሱ ግን ጤናውን ጠቅልሎ ወሰደው። ጉልበት ለሁለት አይቆረጥም፤ ስለዚህ ድርሻዬ እስኪወጣልኝ የእኔን ሰሊጥ ብቻ ይጨድ። ከእኔ ማሳ ሌላ ማሳ እንዳይረግጥ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ!» አሉ።

ማተቤ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ እሺ ብሎ ሊታሰር ነው ብዬ። ሳሉግ በሽማግሌ ፊት ምን አፍ አለው? ማን ማንን እንዳጎረሰ የጠየቀም የለም። ከሽማግሌዎቹ አባ ስንሻው ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና በቀስታ ጠየቋቸው፤

«ጌታው፣ ይህች ጉልበት ስታመው የማን ነበረች?»

ጌታው ጀለቢያቸውን ጎትተው ጉልበታቸውን ሸፈኑ። አባ ስንሻው «በሕመሟ እኩል ካልነበርክ በጤናዋ እኩል የለህም፤ ልጁን ልቀቀው» አሉ፤ ተነስተን ወጣን። አየህ፣ አባ ስንሻው አንተ አሏቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ይችላሉ። እኔ ግን አልልም፤ እኔ አክባሪ ነኝ።

ወደ መልስህ ልምጣ።

ሰው የለም ባየልኝ። ማንንም አልከለከልኩም። ዋርካው ሥር የነበረ ሁሉ የሰማውን ይዞ ሄደ፤ የወሎውም፣ የጎጃሙም። ትናንት አንዱ የጎጃም ልጅ ምን አለኝ መሰለህ፤ «አያ ጀምበሩ፣ እሳቸው ዘንድ ወባ ቢይዘኝና ቢያሳክሙኝ ደሜን በእኩል ይሉኛል»። ተቆጣሁት! የማያውቁት ሰው አይታማም ብዬ። ቀድመው ያውቋቸው ኖሯል፣ ምን ላድርግ? ጠዋት ሁሉም ተጠቃለው ወደ ወይዘሮ ድንቅነሽ እርሻ ገቡ። ማተቤም ከፊት ነበር። ሴትዮዋ ምን የተለየ ነገር አላቸው ብትል... ተሳቢያቸው ላይ መሰላል አስበይደዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ብረት በብረት ላይ። ጌታው ከሱዳን ያን የመሰለ ማሽን ሲያስመጡ፣ ወይዘሮዋ ለበያጅ ተናገሩ። ሰው ግን ምን ያደርጉታል፣ ትንሽ ነገር ይወዳል።

እኔም ልወጣ ስል ነው የደረስክብኝ። አዎ፣ ወደዚያው። ማጭዴን ስዬ ጨርሻለሁ። አትዘንብኝ፤ አንተ መልእክተኛ ነህ። ሲሻህ ደግሞ የሹፌር ቦታ እንደማይጠፋ ወይዘሮዋ ነግረውኛል... ይህን እንኳ ስልኩ ባይሰማው ጥሩ ነበር።

በል አስነሳው። ባዶ ተሳቢ ይዘላልና ቀስ ብለህ ንዳ። ስልኩንም አንሳው፤ አይ፣ ቆይ፣ ከመዝጋትህ በፊት ወደ እኔ አስጠጋው። ሰው በክፉ ቃል አይለያይም፤ አብረን ነው የወረድነው።

ጌታው፣ እግዜር ጉልበትዎን ይማርልን። ጅማትዎን ያለስልስልዎ፣ ሎሚዎን ያጽናልዎ። ዝቅ ሲሉ የማያምዎ፣ ቀና ሲሉ የማይከብድዎ ያድርግዎ። ዕድሜ ከብርታት ጋር አብዝቶ ይስጥዎ፣ በማንም ትከሻ ሳይደገፉ የሚያጭዱበት ወገብ ይስጥዎ... ሰሊጡ ደርሷል፤ ማሳው ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።